ሚስ ሊሊያን እና የጋሽ መንበሩ መርከብ

ባለፈው ሰኞ ምሳ ላቀርብ ስል የጠረጴዛውን ልብስ ውኃ ረጨት ረጨት አድርጌበት አነጠፍኩ። ልጄ ቤዛ አየችኝና «ማሚ፣ ዋት አር ዩ ዱዊንግ?» ብላ ጮኸች። ያለነው አሜሪካ፣ አስፐን ሂል፣ የገዛ ቤታችን ውስጥ ነው፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው የለብንም። እጄ ግን ጡረታ መውጣቴን ገና አልሰማም። ደረቅ ጨርቅ ላይ ሳህን ይንሸራተታል፣ እርጥብ ላይ ይዞ ይቆማል። ይህን ያስተማሩኝ ሰው ደግሞ የተማሩት ባሕር ላይ ነው። «ባሕር ላይ ምን ሲሠሩ?» አለችኝ። በአማርኛ መጠየቋ ራሱ ገረመኝና ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ስነግራት ሳቅሁም፣ አለቀስሁም። «ጻፊው» አለችኝ። እኔና መጻፍ! ይሁን፣ ይኸው።

አሜሪካ እንደመጣሁ የያዝኩት ሥራ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሆቴል አልጋ ማንጠፍ ነበር። ወገቤ እምቢ ሲለኝ ፓርኪንግ ገባሁ። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጬ ላለፈው ሁሉ «ሃቭ ኤ ናይስ ደይ» እላለሁ። አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ ችግሩ እዚያ የሚያልፈው መኪና እንጂ ሰው አይደለም። እኔ ደግሞ ሳላወራ ከዋልኩ ያመኛል። አንዲት የቸርቻችን እህት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የአረጋውያን መኖሪያ ለምግብ አዳራሹ አስተናጋጅ እንደሚፈልግ ስትነግረኝ ደመወዙን እንኳ ሳልጠይቅ ሄድኩ። ኋላ ብጠይቅም ከፓርኪንጉ ጋር ያው ነበር።

የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ የተቀበሉኝ ጋሽ መንበሩ ናቸው። ጫማቸው ያብረቀርቃል፣ ሸሚዛቸው ወተት ነው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቀጥ ብለው ቆመዋል። የቤቱ ባለቤት መስለውኝ በእንግሊዝኛ ሰላም አልኳቸው። «እኔም እንዳንቺው ሳህን ተሸካሚ ነኝ፣ ግቢ» አሉኝ በአማርኛ። ሰባውን አልፈዋል፤ ቁጭ ብለው መኖር ይችሉ ነበር። ከልጃቸው ከሂሩት ቤት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ በሜትሮ ባቡር ነው የሚመላለሱት። «ቤት ከዋልኩ ሂሩት ታስረጀኛለች» ይላሉ። ሱፐርቫይዘራችን ማርሻ ጃማይካዊት ናት። ድምጿ ከኩሽና እስከ መኪና ማቆሚያው ይሰማል፣ ሆደ ቡቡ ግን እንደሷ አላየሁም። ሁላችንንም ስትቆጣ ጋሽ መንበሩን «ሰር» ትላቸዋለች።

ጋሽ መንበሩ በወጣትነታቸው ከአዲስ አበባ ምጽዋ ወርደው ወደብ ላይ ሲሠሩ፣ አንድ የጣልያን ትልቅ የመንገደኞች መርከብ አስተናጋጅ ጎደለውና ተሳፈሩ። ለትንሽ ጊዜ ብለው የገቡበት ወጣትነታቸውን ጨረሰው። ያኔ አብዛኛው ሰው ከአገር አገር የሚሻገረው በመርከብ ነው፤ ሳምንታት ሙሉ ባሕር ላይ ይኖራል። ይኖራል ነው የሚሉት እሳቸው፣ ይጓዛል አይሉም። መንገደኛው መጀመሪያ የተሰጠውን ወንበር እስኪወርድ አይለቅም። ገበታውም አይቀየርም፤ ስሙን ከማያውቀው ሰው ጋር ተቀምጦ መብላት ይጀምርና ሲለያዩ ተቃቅፈው ይላቀሳሉ። ከቁርስ በኋላ ሰገነቱ ላይ፣ ስሙ በተለጠፈበት ተዘርጊ ወንበር ጋደም ይላል። አስተናጋጁ እግሩን በብርድ ልብስ ይጠቀልልለታል፣ ረፋድ ላይ ትኩስ የሥጋ መረቅ በኩባያ ያመጣለታል። ምሽት ላይ ወንዱም ሴቱም ዘንጦ ነው ለእራት የሚወርደው፣ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ምሽት በቀር። መጀመሪያ ላይ ሻንጣው ገና አልተፈታም፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ታስሯል።

«ጋሼ፣ ሰው ያን ያህል ጊዜ ውኃ ብቻ ሲያይ አይሰለቸውም?» አልኳቸው አንድ ቀን ማንኪያ እየወለወልን።

«ማን ውኃ ያያል? ሰው ነው የሚያየው። አንዷ ባሏን ቀብራ ወደ እህቷ ትሄዳለች። አንዱ በፎቶ ብቻ የሚያውቃት እጮኛው ወደብ ላይ ትጠብቀዋለች፤ በየቀኑ ጢሙን ተላጭቶ ፎቶዋን ያሳየኛል። ምድር ላይ ቢሆን ማን ማንን ይጠይቃል? እዚያ ጊዜ አለ።»

ማዕበል ሲነሳ አስተናጋጆቹ የጠረጴዛውን ልብስ ያረጥቡታል፣ ሳህኑ ተንሸራቶ እንዳይሄድ። ጋሽ መንበሩ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲገቡ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አዛውንቶች ሳህናቸውን በሹካ ሲያባርሩ አዩና ማንንም ሳያማክሩ ውኃ ረጩ። ማርሻ መጀመሪያ «ይሄን ጨርቅ ማነው ያበላሸው?» ብላ አገር ይያዝ አለች። ሰዎቹ ሳይደፉ ሲበሉ ስታይ ዝም አለች፤ በማግሥቱ ሌሎቹንም ጠረጴዛዎች አስረጠበች።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። «ጨረሱ?» ብለው አይጠይቁም። ምግቡን ያስቀምጡና ሄድ ብለው፣ ሰውየው ቀና ቢል በሚያያቸው ቦታ ይቆማሉ። የሚበላ ሰው አፉን አያዩም፤ ሳህኑን በዓይናቸው ጠርዝ ያዩታል። እኔ ይሄ አልሆነልኝም። እኔ የእናቴ ልጅ ነኝ፤ እንግዳ ካልበላ ምግቡ አልጣፈጠውም ወይም ተቀይሟል ማለት ነው። ቆሜ ዝም ማለት ጭካኔ መሰለኝ።

ሚስ ሊሊያን የመጣችው እንዲህ እንዲህ እያልን ሥራውን ከለመድኩ በኋላ ነው። «እሷ» እያልኩ ብጽፍ ንቀት አይደለም፤ እናቴ በምትሆንበት ዕድሜዋ ልጄ ሆናብኝ ስለነበር ነው። ቀጭን፣ ዓይነ ሰማያዊ፣ አንገቷ ላይ ዶቃ የማይለያት ሴት ናት። በወጣትነቷ በየአገሩ ባሉ ኤምባሲዎች ጸሐፊ ሆና ትሠራ ነበር፤ ወደየሥራዋ የምትሄደው በመርከብ ነው። አላገባችም፣ ያላት የወንድሟ ልጅ ብቻ ነው። አእምሮዋ እየደከመ ሲመጣ መጽሐፉ ሁሉ ጠፍቶ አንድ ገጽ የቀረላት ይመስል፣ ከኒው ዮርክ ወደ አውሮፓ ስትሻገር የነበረችበት ቀን ላይ ቆመች። በመስኮቷ ትመለከትና «መቼ ነው የምንደርሰው?» ትላለች። መስኮቷ ፊት ያሉት ዛፎች ናቸው፤ ነፋስ ሲመጣ እንደ ሞገድ አንድ ላይ ያዘነብላሉ። ሁላችንም «ሃኒ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሽው» እንላታለን። እሷም ፈገግ ብላ ታፍራለች፣ ከዚያ አትበላም።

ትንሽ ትንሽ እያለች ምግብ ተወች። በየሳምንቱ ስትመዝናት የቤቱ ነርስ ፊት ይጠቁራል። የሚስ ሊሊያን የወንድም ልጅ ከሚኖርበት ከውድብሪጅ መጣና ከነርሷ ጋር ተነጋገረ፤ እንዲህ ከቀጠለች እሱ ሰፈር ወዳለ፣ በቱቦ ወደሚመግቡበት ቦታ ሊወስዳት ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ጨንቆት ነው። ሚስ ሊሊያን የሰማች አትመስልም ነበር። እሱ ሲወጣ ግን እጄን ያዘችና «ሳንደርስ እንዳያወርዱኝ» አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። እንግዲህ በገዛ እጄ አበላታለሁ ብዬ ተነሳሁ። በማግሥቱ አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ ድንቹን ፈጨሁ፣ ማንኪያውን ወደ አፏ አስጠጋሁ። «በሞቴ» በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ስለማላውቅ «ፎር ሚ፣ ፕሊስ፣ ፎር ሚ» እላታለሁ። አንዱን ዋጠች። ደስ አለኝና ሁለተኛውን ደገምኩ። «ኖ፣ ታንክ ዩ» አለች። እኛ አገር አይሆንም ማለት መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም፤ እምቢ ያለ እንግዳ ይለመናል፣ ይገዘታል፣ ይጎርሳል። እኔም ገፋሁ። «ላስት ዋን፣ ፎር ሚ።» አፏን ገጠመች፣ ማንኪያው ጥርሷን ነካው፣ ድንቹ በሰማያዊ ቀሚሷ ላይ ወረደ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየን። ሚስ ሊሊያን ዶቃዋን በናፕኪን እየጠረገች ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ አዳራሹ መውረድ ተወች፤ ነርሷ ስትመዝናት ይባስ ብላ ቀንሳ ተገኘች። የወንድሟ ልጅ የምትዛወርበትን ሳምንት ቆረጠ።

ኩሽና ገብቼ ተንሰቀሰቅሁ። በሥራዬ ዘመን ስንት ሳህን ሰብሬያለሁ፣ እንደዚያ ቀን የተሰበርኩበት የለም። ጋሽ መንበሩ አልተቆጡኝም። ውኃ ሰጡኝና ዝም ብለው ቆሙ፣ ልክ እንደ መንገደኛ ጠበቁኝ።

«ወይኔ ጋሼ፣ እኔ እኮ ወድጃት ነው» አልኩ።

«አውቃለሁ የሺዬ። አንቺ ቤትሽ የመጣች እንግዳ አድርገሻት ነው። እሷ ግን ያለችው መርከብ ላይ ነው። መንገደኛ አይለመንም፣ ይጠበቃል። ባሕር ያጥወለወለውን ሰው ብላ ብላ ብትዪው ይብስበታል። አረንጓዴ ፖምና ደረቅ ብስኩት አጠገቡ ታስቀምጪና ትሄጃለሽ። ሲሻለው ራሱ ያነሳዋል። ያኔ በላሁ ይላል፤ ካጎረስሽው ግን ታመምኩ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል? ሊወስዷት ነው።»

«እንሳፈራ!» አሉ።

ማርሻን የለመኗት እሳቸው ናቸው። እስክትዛወር ድረስ የሚስ ሊሊያንን ምግብ እኛ ሁለታችን ክፍሏ ድረስ እንድናደርስ ፈቀደች። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ጋሽ መንበሩ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞሩት፣ ብርድ ልብሱን ከእግሯ ሥር አስገብተው እንደ ሕፃን ሳይሆን እንደ እመቤት ጠቀለሉት። እንዴት እንደሚታጠፍ ደጋግመው አሳዩኝ፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጉልበት አይያዝም፣ እግር እንደልቡ መውጣት አለበት። ከዚያ መረቁን በኩባያ አመጡ።

«እንደምን አደሩ ሚስ ሊሊያን። ዛሬ የረጋ ነው» አሉ። መረቁን አስቀመጡና ወደ በሩ ሄደው ቆሙ። እኔም አጠገባቸው ቆምኩ። ሚስ ሊሊያን ዛፎቹን አየች፣ ኩባያውን አየች፣ እንደገና ዛፎቹን አየች። እኔ ምላሴን ነክሼ ነው የያዝኩት። በሞቴ የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተወትፎ ሊያንቀኝ ነበር። ጋሽ መንበሩ ሳያዩኝ «ተንፍሺ» አሉኝ። ሚስ ሊሊያን ኩባያውን በሁለት እጇ አነሳችና ጠጣች።

ኮሪደሩ ላይ እየዘለልኩ ላቅፋቸው ስል አንድ ነገር ከነከነኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ውሸት አይሆንም? እኔ ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ።»

«እኔ ደግሞ ንስሐ አባቴን የምፈራ ሰው ነኝ» አሉኝ። «ምን ዋሸሁ? ባሕር አለ አልኩ? የረጋ ነው አልኩ። ውጪውን እይው እስቲ፣ ቅጠል ይነቃነቃል?»

ቅጠል አይነቃነቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ እኔም የራሴን ዘዴ አበጀሁ። ስትጠይቀኝ «መቼ እንደምንደርስ ካፒቴኑ ያውቃል» እላለሁ፤ በልቤ ካፒቴኑን አውቀዋለሁና አልዋሸሁም።

መረቁ ብስኩት አስከተለ፣ ብስኩቱ ዓሣ አስከተለ። የመዛወሪያው ቀን ሲደርስ የወንድሟ ልጅ ካርቶን ይዞ መጣ። ብርድ ልብሱን፣ ወንበሩን፣ በሩ ላይ የቆምነውን ሲያይ ግንባሩን ቋጠረ። ቀልድ የያዝንባት መስሎት መሰለኝ። ሚስ ሊሊያን ግን ፊቷ በራና ለጋሽ መንበሩ «የወንድሜ ልጅ ነው፣ ሊሸኘኝ ተሳፍሮ ነው» አለቻቸው። እሳቸው ወዲያው ሁለተኛ ወንበር አስጠጉ፣ ሁለተኛ ኩባያ አመጡ። ልጁ ካርቶኑን አስቀምጦ ተቀመጠ። ጠጣች፣ ጠጣ። በልጅነቱ ፖስት ካርድ ትልክለት እንደነበር ነገራት፤ እሷም የትኛውን ወደብ ከየትኛው ቀጥላ እንዳየች አንድ በአንድ ነገረችው። ሲሄድ ካርቶኑን ባዶውን ይዞት ሄደ። ነርሷም በሚቀጥለው ስትመዝናት ፈገግ አለች።

ከዚያ በኋላ ሚስ ሊሊያን ለእራት መውረድ ጀመረች፣ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ዶቃዋን አድርጋ። ቀሚሱን አጥቤ የተኮስኩት እኔ ነኝ። አንድ ምሽት ጋሽ መንበሩ ወንበሯን ሲስቡላት ቀና ብላ «ስምዎን ጠይቄዎት አላውቅም» አለቻቸው። «በመጀመሪያው ጉዞዬ አንድ አስተናጋጅ ጠዋት ጠዋት ፖም ያስቀምጥልኝ ነበር። ስንደርስ ላመሰግነው ፈለግሁ፣ ስሙን ስለማላውቅ ማንን እንደምጠይቅ አጣሁ።»

ጋሽ መንበሩን መርከቡ ላይ ጣልያኖቹ ስማቸው ስለከበዳቸው «ማሪዮ» ነበር የሚሏቸው፤ ያን ሁሉ ዘመን ማሪዮ ሆነው አገልግለዋል። «መንበሩ» አሉ። እሷም ቃሉን በአፏ ዞር ዞር አድርጋ «ሚስተር መንበሩ፣ አመሰግናለሁ» አለች። እሳቸው ጎንበስ ብለው ሄዱ። ኩሽና ስገባ ዓይናቸውን በፎጣ እየጠረጉ አገኘኋቸውና «ሽንኩርት ነው» አሉኝ። የቀረበው ኬክ ነበር።

ሁለት ክረምት እንዲህ ሄደ። አንድ አመሻሽ ላይ ለእራት ልጠራት ስወጣ ትንሿ ሻንጣዋ ከክፍሏ ደጃፍ ቆማለች፤ በሥርዓት ተዘግታ፣ እጀታዋ ወደ ኮሪደሩ ዞሮ። ምን ነካት ብዬ ሻንጣዋን ወደ ውስጥ ልመልስ ስል ጋሽ መንበሩ ከኋላዬ «ተያት» አሉኝ።

«ሰው ያሰናክላል እኮ ጋሼ።»

«መርከቡ ሊደርስ ሲል መንገደኛው ሻንጣውን ደጅ ያወጣል። ያን ምሽት ሠራተኞቹ ይሰበስቡታል።» ድምፃቸው ወረደ። «ተያት የሺዬ።»

ሚስ ሊሊያን ወጣች። ያን ዕለት ሰማያዊውን ቀሚስ አልለበሰችም፣ ግራጫ ሹራቧን እንጂ፤ ዶቃም የላትም። የመጨረሻ ምሽት አይዘነጥም። ዓሣዋን በላች፣ ፖሟንም ቆርጣ በላች፣ ማንም ሳይላት። ስትነሳ እጄን ያዘችና «በጣም ጥሩ ጉዞ ነበር» አለችኝ። ሻንጣዋን ጋሽ መንበሩ በሁለት እጃቸው አንስተው ተከተሏት። ከጥቂት ቀን በኋላ በገዛ አልጋዋ ላይ፣ መስኮቷ ፊት፣ የወንድሟ ልጅ እጇን እንደያዘ አረፈች። ማንም አላወረዳትም፣ ደረሰች።

ጋሽ መንበሩ ከዚያ በኋላም ሠሩ። ኋላ እግራቸው ሜትሮውን እምቢ ሲላቸው ከሥራ ተሸኙ። እኔ ቀረሁ፤ እርጥቡን ጨርቅ፣ ብርድ ልብሱን፣ ዝም ብሎ መቆሙን ለአዲስ ገቢዎች አሳየሁ። አሁን አዳራሹ ትእዛዝ የሚቀበለው በታብሌት ነው አሉ፤ ጥሩ ነው፣ እግር ያሳርፋል።

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ሂሩት ከአሌክሳንድሪያ ኮል አደረገችልኝ። «አባዬ መብላት ትቷል። ለምኜ ለምኜ ደከመኝ፣ አንቺ እንኳ ነይ» አለችኝ። እያለቀሰች ነው።

ሄድኩ። በጣም ከስተዋል፤ መስኮቱ አጠገብ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጫማቸው ግን አልጋው ሥር ያብረቀርቃል። ሰላም አልኳቸው፣ ብዙ አላወራሁም። ሂሩት በሹሮ የራሰ እንጀራ አዘጋጅታ ነበር። ትንሿን ጠረጴዛ አስጠጋሁ፣ ጨርቁን አረጠብኩ፣ ብርድ ልብሱን ከእግራቸው ሥር ጫፉን ወደ ውስጥ አድርጌ ጠቀለልኩ። «ዛሬ የረጋ ነው ጋሼ» አልኩ። ሳህኑን አስቀመጥኩና ወደ በሩ ሄጄ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። አፋቸውን አላየሁም። ተነፈስኩ።

ሳህኑን አዩት። ጨርቁን በጣታቸው ነካ አድርገው እርጥቡን አወቁት፣ ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ሌላ ነገር ግን አልነኩም። ብዙ ቆየሁ። ሂሩት ከኩሽና ብቅ እያለች ታየኛለች፤ እንዴት ዝም ትያለሽ የሚል ዓይን ነው። እኔ ግን የተማርኩትን ይዤ ቆሜያለሁ።

በመጨረሻ ቀና አሉ። «የሺዬ።»

«አቤት ጋሼ።»

«እኔ መንገደኛ ነኝ እንዴ?»

ወደ ኋላ ያጣመርኩትን እጄን ፈታሁ።

«ያን ሁሉ ዘመን ሰው ሲበላ ቆሜ አይቻለሁ» አሉ። «ነይ ቅረቢ። በሞቴ በይኝ።»

ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጉርሻውን አሳምሬ ጠቀለልኩት። ያን ሁሉ ዓመት ጉሮሮዬ ላይ የቆየው ቃል እንባዬን ቀድሞት ወጣ።

«በሞቴ ጋሼ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!»

ሣቁና አፋቸውን ከፈቱ።